ከአየር ጤና እስከ ጢያ፦ በአንድ ቀን የሚጎበኙት ጥንታዊ መካናት እና የአዋሽ ፏፏቴ

ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ይገኛል። ብዙዎች የሚያውቁት በገበያው፣ በአጠና ተራው እና ከገጠር ወደ ከተማ በሚገባው የእህል፣ የእንጨት እና የከብት እንቅስቃሴ ነው። ከክፍለ ከተማው ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከአየር ጤና ተነሥቶ በካራ ቆሬ በኩል ወደ ዓለም ገና የሚወጣው መንገድ ግን ሌላም ሀብት አለው። በዚህ መስመር ላይ ከ90 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ሁለት የዓለም ቅርሶች፣ አንድ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እና የአዋሽ ወንዝ ገደል ከነፏፏቴው ይገኛሉ።

እነዚህ መካናት መልካ ቁንጡሬ እና ባልጩት፣ አዳዲ ማርያም እንዲሁም የጢያ ትክል ድንጋዮች ናቸው። ማለዳ ተነሥቶ ሁሉንም በአስጎብኚ እየተመሩ ጎብኝቶ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የእያንዳንዱን መካን ታሪክ፣ የጉዞውን ቅደም ተከተል፣ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ዝግጅት እና ቅርሱ በሚገኝበት መሬት ላይ የሚኖረውን አርሶ አደር የሚመለከቱ ጉዳዮችን ያስረዳል።

መንገዱ

ከአየር ጤና የሚነሣው የጅማ መንገድ ዓለም ገና ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥታ የሚሄደው ወደ ሰበታ፣ ወሊሶ እና ጅማ ሲያመራ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ ቡታጅራ እና ሆሳዕና ይወርዳል። ተጓዡ የሚይዘው የቡታጅራውን አስፋልት ነው። ዓለም ገናን እንዳለፉ የከተማው ግንባታ እየሳሳ ይሄድና የፉሪ ተራራ ከኋላ ይቀራል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን በስተምሥራቅ የዝቋላ ተራራ ይታያል።

መሬቱ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ እና ጓያ የሚመረቱበት አካባቢ ነው። ሽምብራ እና ጓያ ዝናቡ ሲያባራ በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ስለሚዘሩ፣ በጥቅምት እና በኅዳር የሚያልፍ ተጓዥ በአንድ በኩል የሚያሸት ጤፍ፣ በሌላ በኩል ገና የበቀለ ሽምብራ ያያል። ወደ ደቡብ ሲዘለቅ የጉራጌ ምድር ይቃረባል፤ በየጓሮው የእንሰት ተክል ይታያል።

መልካ ቁንጡሬ፦ በአዋሽ ዳር የተጻፈ የሁለት ሚሊዮን ዓመት ታሪክ

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በአዋሽ ወንዝ ግራ እና ቀኝ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከ2 ሺህ ሜትር ይበልጣል። “መልካ” የሚለው የአፋን ኦሮሞ ቃል የወንዝ መሻገሪያን ያመለክታል። ሰው እና ከብት ዛሬም ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ እንደሚወርዱ ሁሉ፣ የጥንቱ ሰው እና የዱር እንስሳም በዚሁ ዳርቻ ይመላለሱ ነበር።

ሥፍራውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1963 አካባቢውን ያጠና የነበረው ኔዘርላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነው። ወንዙ በሸረሸረው ገደል ላይ በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮችን አየ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን የመራው ቡድን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮ አካሄደ። ከዚያ በኋላ ሥራውን የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረክበው፣ በመጀመሪያ በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ቀጠሉ።

ጎብኚዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ የዕድሜው ጉዳይ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንዴት ይታወቃል? መልሱ ያለው በአፈሩ ውስጥ ነው። አካባቢው በእሳተ ገሞራ የተከበበ ነበር። እሳተ ገሞራ በፈነዳ ቁጥር አመድ ምድሩን ይሸፍናል፤ ወንዙ ደለል ያለብሰዋል፤ ሌላ ፍንዳታ ሌላ አመድ ይደርብበታል። የእሳተ ገሞራ አመድ በውስጡ ባሉት ማዕድናት አማካይነት የወጣበት ዘመን በላቦራቶሪ ሊለካ ይችላል። በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል የተገኘ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ ከታችኛው ንጣፍ ያነሰ፣ ከላይኛው የበለጠ ዕድሜ አለው ማለት ነው። አርሶ አደሩ የጉድጓድ ግድግዳ አይቶ የላዩን ለም አፈር ከታችኛው ሸክላ እንደሚለየው፣ ተመራማሪውም ንጣፍ በንጣፍ እያነበበ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከመካኑ ግኝቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ1981 ጋርባ በተባለው ሥፍራ የተገኘ የሕፃን መንጋጋ ነው። ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ይህ መንጋጋ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ እና ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የሰው ዝርያ ሕፃን መሆኑን አስታውቀዋል። ግኝቱ ትኩረት የሳበው ስለ ዕድሜው ብቻ አይደለም። የጥንቱ ሰው ሞቃታማውን ቆላ ብቻ ሳይሆን ብርድ ያለበትን ደጋም ቀድሞ መኖሪያው እንዳደረገ ስለሚያሳይ ነው።

ጎምቦሬ በተባለው ክፍል ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል። የአዋቂዎች ብቻ ሳይሆኑ የሕፃናትም አሻራ አለባቸው። በዚያው ሥፍራ የጉማሬ አጥንት እና ሥጋ መቁረጫ ድንጋዮች መገኘታቸው፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ሳይለዩ ሥራ እያዩ ያድጉ እንደነበር ይጠቁማል። ከብት ጥበቃ እና እርሻ ከአባቱ ሥር ሆኖ ለተማረ የገጠር ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመካኑ የጎጆ ቅርጽ ያላቸው የማሳያ ቤቶች አሉ። በውስጣቸው የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የእንስሳት ቅሪተ አካላት እና የአካባቢውን አፈጣጠር የሚያስረዱ ሥዕሎች ይታያሉ። ከእነርሱ ሌላ ቁፋሮ የተካሄደበት ሥፍራ ጣሪያ ተሠርቶለት፣ አጥንቱ እና ድንጋዩ ከተገኙበት ሳይነሡ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

ባልጩት፦ ስሙን ከድንጋዩ ያገኘው መንደር

“ባልጩት” ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ቃል አይደለም። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያንጸባርቅ፣ ሲሰበር ስለታም ጠርዝ የሚያወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከመልካ ቁንጡሬ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይህ ድንጋይ በብዛት የሚገኝበት ሥፍራ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ባልጪት የሚሉትም አሉ።

የጥንቱ ሰው ባልጩቱን ከምንጩ እያነሣ፣ ወንዙም እያንከባለለ የሚያመጣለትን እየለቀመ መሣሪያ ይሠራበት ነበር። ሲምቢሮ በተባለው ሥፍራ 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የመሣሪያ መሥሪያ ቦታ ተገኝቷል። በዚያ ከተለቀሙት ከ500 በላይ የድንጋይ መሣሪያዎች ጥቂቶቹ ሲቀሩ ሁሉም የባልጩት ናቸው። ባልጩት ሲጠረብ በቀላሉ የሚሰባበር፣ እጅንም የሚቆርጥ በመሆኑ፣ ያን ያህል መሣሪያ በአንድ ቦታ መሥራት የሰለጠነ እጅ እና የታቀደ ሥራ ይጠይቃል።

የባልጩት ታሪክ በጥንት ዘመን አላበቃም። በመካከለኛው እና በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የባልጩት መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ እየሰኩ ቆዳ ሲያለሰልሱ ኖረዋል። በአካባቢው ማሳ መካከል የሚያብለጨልጩት ስብርባሪዎች የብዙ ሺህ ዓመታት የሥራ ትራፊ ናቸው።

መልካ ቁንጡሬ እና ባልጩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም በሕንድ ኒው ዴልሂ በተካሄደው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ 46ኛ ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ሉሲ የተገኘችበት የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ ቀድሞ ስለተመዘገበ፣ አዋሽ ከላይም ከታችም የዓለም ቅርስ ያለበት ወንዝ ሆኗል።

ፏፏቴው እና ወንዙ

አዋሽ የሚመነጨው ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ነው። በበቾ ሜዳ በኩል ቀስ ብሎ እየተጠማዘዘ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ከዚህ ሥፍራ በታች ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሜዳው ያበቃና ወንዙ በጥቁር አለት መካከል ወደ ተቆረጠ ጠባብ ገደል ይገባል። ውሃው ከአለት ወደ አለት ሲወረወር ፏፏቴ ይሠራል። በቁመቱ ከጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቢሆንም ከመስከረም እስከ ጥቅምት፣ ወንዙ ሞልቶ ምድሩም አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ ግርማ አለው። በበጋ መጨረሻ ውሃው ይቀንሳል፤ በምትኩ ገደሉን የሠሩት የአለት ንጣፎች ጎልተው ይታያሉ።

ገደሉ ውበት ብቻ ሳይሆን የመካኑ ታሪክ አካልም ነው። አዋሽ ምድሩን እየቆረጠ ባይወርድ ኖሮ የተቀበረው ንጣፍ ለዓይን ባልተገለጠ ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩን የገለጠው ሽርሸራ ዛሬ ስጋትም ነው። በክረምት ወንዙ የሚይዘው ቡናማ ቀለም ከላይኛው ተፋሰስ ማሳዎች የታጠበ አፈር ነው። አፈሩ ከገበሬው ማሳ ይጠፋል፤ ወደ ታች ወርዶም በቆቃ ግድብ ይተኛል። በወንዙ ዳር ያሉ የቁፋሮ ሥፍራዎችም በጎርፍ ይናዳሉ። በላይኛው አዋሽ የሚሠራ እርከን እና የተራቆተ ዳገት ላይ የሚተከል ዛፍ ማሳውንም ቅርሱንም በአንድነት ይጠብቃል።

የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪም ከአዋሽ ጋር ግንኙነት አለው። በክፍለ ከተማው የሚዘንበው ዝናብ በትንሹ አቃቂ ገባር ጅረቶች ተሰብስቦ፣ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። በከተማ ወንዝ ላይ የሚጣል ቆሻሻ በታችኛው ተፋሰስ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ማሳ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ፏፏቴውን ለማየት የሄደ የከተማ ሰው የሚያየው የሩቅ ሀገር ወንዝ ሳይሆን የሠፈሩ ውሃ ኋላ የሚቀላቀለውን ወንዝ ነው።

ጎብኚዎች ከገደሉ ጠርዝ መራቅ አለባቸው፤ በተለይ ሕፃናት በአዋቂ እጅ መያዝ ይኖርባቸዋል። በክረምት የበቾ ሜዳ ዝናብ ሲበዛ በመልካ ቁንጡሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላልና መዋኘትም ሆነ በእግር ለመሻገር መሞከር አይገባም።

አዳዲ ማርያም

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረው ጥቂት እንደተጓዙ፣ ከዋናው መንገድ በስተቀኝ የሚታጠፍ የገጠር መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያኗ ከአዲስ አበባ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ስትሆን፣ በሀገራችን ከሚታወቁት የአለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ወደ ደቡብ ዘልቀው ከሚገኙት አንዷ ናት።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ሥራዋን ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዘዋል። ንጉሡ ወደ ዝቋላ በተጓዘ ጊዜ እንዳሠራት ይነገራል። በዚህ ትውፊት መሠረት ዕድሜዋ ከ12ኛው ወይም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመደባል። በአሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ወቅት ጉዳት ደርሶባት ለረጅም ጊዜ ያለ አገልግሎት መቆየቷም ይተረካል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ጥገና ተደርጎላታል።

ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያኗን ላያያት ይችላል። ጣሪያዋ ከመሬቱ ደረጃ ብዙም ስለማይለይ፣ ወደ ውስጥ የሚወሰደው በአለቱ ውስጥ በተቆረጠ መተላለፊያ ነው። ዙሪያዋ እንደ ቦይ ተፈልፍሏል፤ በአለቱ ግድግዳ ላይም የተቆፈሩ ትናንሽ ክፍሎች ይታያሉ። ውስጧ ጨለም ያለ እና ቀዝቃዛ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው አሠራሩ ቀለል ያለ፣ የአለቱም ጥርብ ያልተወለወለ መሆኑን ያስተውላል። ሆኖም በዋልካ ሜዳ መካከል፣ በየዓመቱ ውሃ በሚቋጥር ምድር፣ ጎርፉን ወደ ውጭ እየመሩ ከላይ ወደ ታች መፈልፈል ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ የሚረዳው ቦይ ቀድዶ ማሳውን ያጠነፈፈ ገበሬ ነው።

አዳዲ ማርያም የሙዚየም ዕቃ ሳትሆን ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወር በገባ በ21ኛው ቀን የእመቤታችን መታሰቢያ በዓል ስለሚከበር ምዕመናን ይበዛሉ። በዚያ ቀን መሄድ በዓሉን ለማየት ይመቻል፤ ሕንፃውን በእርጋታ ለማየት ግን ሌላ ቀን መምረጥ ይሻላል። ጎብኚው ጫማውን ከደጅ ያወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፤ በቅዳሴ ሰዓት መግባት እና ፎቶ ግራፍ ማንሣት የአገልጋዮቹን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጢያ፦ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች

ወደ አስፋልቱ ተመልሶ ወደ ደቡብ የቀጠለ ተጓዥ ጢያ ይደርሳል። ጢያ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በሶዶ ወረዳ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ትክል ድንጋዮቹ ያሉት ከከተማዋ ጥግ በአጥር በተከለለ ሜዳ ላይ ነው። በመካኑ 36 ድንጋዮች ሲገኙ፣ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። አንዳንዶቹ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለዋል፤ የተሰበሩም አሉ።

በድንጋዮቹ ላይ በብዛት የሚታየው ምልክት ጫፉ ወደ ታች ያመለከተ ሰይፍ ነው። በአንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ወይም ሁለት፣ በሌላው ላይ በርከት ያሉ ሰይፎች ይቆጠራሉ። ክብ ምልክቶች፣ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጉ መስመሮች እና የሰው አካል የሚመስሉ ቅርጾችም አሉ። በአካባቢው የሚነገረው ትርጓሜ የሰይፉ ቁጥር ጀግናው የጣላቸውን ጠላቶች ያመለክታል የሚል ነው። ሕዝቡ ድንጋዮቹን ለረጅም ጊዜ “የግራኝ ድንጋይ” እያለ ሲጠራቸው ኖሯል።

የቁፋሮው ውጤት ከዚህ ትውፊት የተለየ ዘመን ያሳያል። ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም የመራው ቁፋሮ ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸውን አረጋግጧል። ከሥራቸው የተገኙት አጽሞች በአብዛኛው በወጣትነት ዕድሜ የሞቱ ሰዎች ሲሆኑ፣ የመቃብሮቹ ዘመን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል። ይህም ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ከመቶ ዓመት በላይ የቀደመ ነው። ሙታኑ የተቀበሩት እጅ እና እግራቸው ተጣጥፎ፣ በእናት ማኅፀን እንዳለ ሕፃን ሆነው ነው።

ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በዚያው ዓመት አክሱም፣ የታችኛው አዋሽ እና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎችም ተመዝግበዋል። የአክሱም ሐውልቶች የነገሥታት ሥራ ናቸው፤ አንዱ በ1937 እ.ኤ.አ ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ተመልሷል። የጢያ ድንጋዮች ግን ንጉሥ ያቆማቸው ስለመሆናቸው ምንም አይናገሩም። ስማቸውን ያልጻፉ፣ የሞቱ ልጆቻቸውን ግን ያለ ምልክት ያልተዉ ሰዎች ሥራ ናቸው። ይህ ልማድ በጢያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በሶዶ አካባቢ ወደ 160 የሚጠጉ ተመሳሳይ ሥፍራዎች ተለይተዋል፤ ወደ ደቡብ በጌዴኦም ብዙ ትክል ድንጋዮች አሉ።

የቀኑ አከፋፈል

በግል ወይም በኪራይ መኪና የሚሄድ ቤተሰብ ወይም የተማሪዎች ቡድን ከአየር ጤና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢነሣ ከትራፊክ መጨናነቅ ያመልጣል። መልካ ቁንጡሬን እና ፏፏቴውን በጠዋቱ ቅዝቃዜ አይቶ፣ ወደ አዳዲ ማርያም አልፎ፣ ምሳውን ጢያ ወይም ከእርሷ አልፋ በምትገኘው ቡኢ ይበላል። የጾም ቀን ካልሆነ ክትፎ ከቆጮ እና ከአይብ ጋር በዚያ መስመር አይታጣም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በድንጋዮቹ ጎን ስለሚያርፍ ቅርጻቸው ጎልቶ ይታያል፤ ጢያን ለመጨረሻ ማድረግ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ከ10 ሰዓት በፊት ለመልስ የተነሣ ተጓዥ ሳይጨልም አየር ጤና ይደርሳል።

በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ ይሻለዋል። በቡታጅራ መስመር በሚሠራ መኪና መጀመሪያ ጢያ ይወርዳል፤ ሲመለስ መልካ ቁንጡሬን ያያል። አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ላይ ቦታ ማግኘት ከሩቅ ይልቅ ከቅርብ ይቀላል። አዳዲ ማርያም ከአስፋልቱ ርቃ ስለምትገኝ በዚህ መንገድ ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ያስቸግራል፤ ሁለቱን በደንብ ማየት ሦስቱን ከመሮጥ ይመረጣል።

ለጉዞው የሚመቸው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው። በሐምሌ እና በነሐሴ የአዳዲ የገጠር መንገድ ጭቃ ይይዛል። የመጠጥ ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ለድንጋያማ መንገድ የሚሆን ጫማ እና ለመግቢያ ክፍያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። ከመነሣት በፊት በዕለቱ መንገዱ ያለበትን ሁኔታ እና ጸጥታውን ከትራንስፖርት ተራ ወይም ከየአካባቢው የባህል እና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አስተዋይነት ነው።

አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል?

በእነዚህ መካናት ያለ አስጎብኚ የሚዞር ሰው የሚያየው ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላል። በጎምቦሬ ወለል ላይ ከተኙት ድንጋዮች የትኛው በሰው እጅ እንደተጠረበ፣ የትኛው በወንዝ እንደተንከባለለ ለመለየት የሚያሳይ ጣት ያስፈልጋል። ጥሩ አስጎብኚ በአካባቢው ትውፊት እና በጥናት በተረጋገጠው መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ይናገራል። ጎብኚውም “ይህ በቁፋሮ የተገኘ ነው ወይስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ?” ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

የመግቢያ ክፍያ ለኢትዮጵያውያን እና ለውጭ ሀገር ዜጎች የተለያየ ነው። ክፍያ ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበል ይገባል። ደረሰኝ ያለው ገንዘብ ለመካኑ ጥበቃ ይደርሳል፤ ደረሰኝ የሌለው የት እንደገባ አይታወቅም። የአስጎብኚ ክፍያን ደግሞ ጉብኝቱ ከመጀመሩ በፊት ተነጋግሮ መወሰን ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ቅርሱ እና አርሶ አደሩ

በዚህ መስመር ያሉት ቅርሶች በረሃ ላይ የቆሙ አይደሉም። ዙሪያቸው ማሳ፣ ግጦሽ እና መኖሪያ ነው። በሶዶ ካሉት ትክል ድንጋዮች ብዙዎቹ በገበሬ ይዞታ መካከል ይገኛሉ። በባልጩት አካባቢ ማረሻው በየዓመቱ የተጠረበ ድንጋይ ይገለብጣል። ስለዚህ ለቅርሱ የመጀመሪያው ጠባቂ፣ ሳያውቅም የመጀመሪያው አጥፊ ሊሆን የሚችለው አርሶ አደሩ ነው። ለአጥር የተነሣ አንድ ትክል ድንጋይ ወይም ለግንባታ የተዛቀ አንድ መኪና አሸዋ፣ ተመራማሪ ሊያነበው ይችል የነበረውን ገጽ ለዘለዓለም ያጠፋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዚህ ጉዳይ ግልጽ ድንጋጌ አለው። ማንም ሰው በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስኪረከበውም ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት። በተግባር ይህ ማለት ዕቃውን ካለበት አለማንሣት፣ አለማጠብ፣ አለመሸጥ፣ ቦታውን በእንጨት ወይም በድንጋይ ምልክት ማድረግ እና ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህል እና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መናገር ነው። ከቦታው የተነሣ መሣሪያ ከተኛበት የአፈር ንጣፍ ስለተለየ ዕድሜውን የሚናገርለት ምስክር ያጣል።

ከጎብኚው ወገን ያለውም ግዴታ ከዚህ አያንስም። ከባልጩት ማሳ አንዲት ስብርባሪ ለመታሰቢያ ብሎ በኪሱ የሚከት ሰው ጥቂት የወሰደ ይመስለዋል፤ ከኋላው የሚመጡት ሁሉ እንዲሁ ቢያደርጉ ግን ማሳው ባዶ ይቀራል። ቡቃያ ረግጦ ፎቶ ግራፍ መነሣት፣ ሕፃናትን ከትምህርት የሚያስቀር የሳንቲም ልመና ማለማመድ፣ በድንጋዮቹ ላይ መቀመጥ እና ስም መጫር የአካባቢውን ሰው ቅርሱን እንዲጠላ የሚያደርጉ ድርጊቶች ናቸው።

በአንጻሩ ጎብኚው ምሳውን በመንደሩ ሲበላ፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ሽምብራ ከመንገድ ዳር ሲገዛ፣ የአካባቢውን ወጣት በአስጎብኚነት ሲቀጥር፣ ድንጋዩ ለአርሶ አደሩ ማረሻን ከሚያደናቅፍ ሸክም ወደ ገቢ ምንጭነት ይለወጣል። በመሬቱ ላይ ካለው ቅርስ አንዳች ጥቅም ያገኘ ቤተሰብ ለጥበቃው ዘበኛ አያስፈልገውም። አየር ጤና ተነሥቶ አመሻሽ ላይ የሚመለሰው የከተማ ሰውም ለዚህ ጥበቃ የሚያዋጣው ብዙ ነገር አይጠበቅበትም፤ ደረሰኙን መቀበል፣ ያየውን ካለበት መተው እና በሠፈሩ ወንዝ ላይ ቆሻሻ አለመጣል በቂ ጅምር ነው።